ንቅሳትን በወረቀት ስለ መንደፍ



በሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ ከደጋ ወርደው ከሚገበያዩት አረጋውያን እናቶች መካከል አንገቷ በንቅሳት መስመር የተከበበ አትታጣም። ነቃሿ ጥላሸቱን በመርፌ ስትወጋ መለኪያዋ ዓይኗ እንጂ በወረቀት የተነደፈ አብነት አልነበረም። ስለዚህ ሥዕሉ ከባለቤቷ ጋር ይቀበራል።

ከኒውዚላንድ የማዎሪ አለቆች አንዳንዶቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1840 የዋይታንጊን ውል ሲፈርሙ የፊታቸውን ንቅሳት ቅርጽ በብዕር ወረቀቱ ላይ ነድፈዋል፤ ፊርማቸው እርሱ ነበር። የዛሬው ወጣት ነዳፊ የእነርሱን ጥምዝ ከመቅዳቱ በፊት የአያቱን አንገት ቢነድፍ ይሻላል።

ሥራው ቀላል አይደለም። አንገት እንደ ቧንቧ ተዘርግቶ ሊነደፍ ይችላል፤ አገጭ ግን በሁለት አቅጣጫ ስለሚጎብጥ ሳይዛባ አይዘረጋምና ከፊትና ከሁለቱም ጎን ለየብቻ ይነደፋል። ፎቶግራፍ አይበቃም ወይ ለሚል፣ ፎቶግራፍ መስመሩን ከቆዳው ሽብሽብ አይለይም፤ በእጁ የሚነድፍ ሰው ግን «እማማ፣ ይህ ከየት ይጀምራል?» ብሎ ይጠይቃል።