የተላከ ስሌት መዝገብ



ብዙ ኮምፒዩተሮች ተባብረው በሚሠሩበት ማዕከል ተማሪ የላከው ስሌት በተራው ይፈጸማል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። እኔ አንዱን ተማሪ፣ ስሌቱ ስለ ተቋረጠ፣ «ፕሮግራምህን አበላሸኸው» ብዬ ገሥጬው ነበር። ስለርም የተባለው ተራ አስያዥ ፕሮግራም፣ የተለየ ካልተወሰነለት በቀር፣ ያለቀውን ሥራ በራሱ ዘንድ የሚያቆየው 300 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነውና፣ «ኤስኮንትሮል» በሚባለው ትእዛዝ ብንጠይቀው አላውቀውም አለን። «ኤስአክት» የተባለው ትእዛዝ ግን፣ የሥራ መዝገብ በቋሚነት በሚያዝበት ማዕከል፣ በቁጥሩ ፈልጎ የአፈጻጸሙን ሁኔታ፣ የፈጀውን ጊዜና የያዘውን ከፍተኛ ሚሞሪ ያወጣል። ተማሪው ቁጥሩን በደብተሩ ጽፎት ኖሮ መዝገቡን ብናወጣ፣ ሥራው የቆመው ሚሞሪ አንሶት ኖሯል። መጠኑን የወሰንኩለት ደግሞ እኔው ነበርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።