የረድፍ ቁጥር ቦታ ነው እንጂ ስም አይደለም
(በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የንግግሬ አርእስት ሲታይ ለኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በምግብ ቤቱ በር ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ሁሉ፤ ነገሩ እናንተንም እንደሚነካ ትረዱታላችሁ። በዚያች ቀን አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ «የሌላ ሰው ካርድ ይዘሻል» ተብላ በጓደኞቿ ፊት ከሰልፍ እንድትወጣ ተደረገ። ካርዱ ግን የራሷ ነበረ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ብዙ ተወራ፤ ካርድ የሚያየው ሠራተኛ ነው ያሉ አሉ፤ ኮምፒውተሩ ነው ያሉም አሉ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጠፋሁም ዛሬ ልንገራችሁ።

የተመጋቢዎቹ ስም የሚገኘው ዲቢኤፍ በሚባል ዓይነት ፋይል ውስጥ ነው። ይህ ዓይነት ፋይል ሽማግሌ ነው። በካሊፎርንያ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ዌይን ራትሊፍ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ ፕሮግራም ጻፈ፤ ያም ፕሮግራም በ1980ዎቹ በአሽተን ቴት ኩባንያ እጅ ዲቤዝ ተብሎ በዓለም ተሰራጨ። እኛ ዘንድ ያለው ፋይል ከዲቤዝ ስሪ ጀምሮ የተለመደውን አሠራር የሚከተል ነው።

አሠራሩ እጅግ ቀላል በመሆኑ፤ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። በፋይሉ ራስ ላይ 32 ባይት የሚይዝ መግቢያ አለ፤ በእርሱም ውስጥ ስንት ረድፍ እንዳለ፤ መግቢያው በጠቅላላው ስንት ባይት እንደሚፈጅ፤ አንዱ ረድፍ ስንት ባይት እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓምድ 32 ባይት መግለጫ ይከተላል፤ ቀጥሎም አንዲት የመዝጊያ ባይት። በእኛ ፋይል ዓምዶቹ 5 ናቸው፤ ስለዚህ 32፤ 5 ጊዜ 32፤ እና 1 ሲደመሩ 193 ይሆናል። ዓምዶቹም መታወቂያ ቁጥር 12፤ ስም 30፤ ጾታ 1፤ የትምህርት ክፍል 20፤ ዓመት 1 ባይት ሲሆኑ፤ ድምሩ 64 ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንዲት ባይት ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ የእርሷን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። እንግዲህ አንዱ ረድፍ 65 ባይት ሆነ።

አሁን 213ኛውን ሰው ፈልግ ብትሉኝ 212ቱን ሰዎች አንድ በአንድ ማንበብ አያስፈልገኝም። 212ን በ65 አባዛለሁ፤ 13780 ይመጣል፤ 193 እጨምርበታለሁ፤ 13973። ይህን ያህል ባይት ዘልዬ 65 ባይት ባነብ ሰውየው እጄ ላይ ነው። ፋይሉ 640 ሰው ቢይዝ ወይም 640000 ቢይዝ ሥራው ያው አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ነው። መስመሮቹ አንዱ ረጅም፤ አንዱ አጭር በሆኑበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ግን ይህ አይቻልም፤ ከመጀመሪያው እየቆጠሩ መውረድ ግድ ነው። (ለፕሮግራም ጻፊዎች ብቻ፦ 193ን እንደ እኔ በስሌት አታግኙት፤ ከመግቢያው አንብቡት። ቪዥዋል ፎክስፕሮ የጻፈው ፋይል ከሆነ 263 ባይት ተጨምሮበት ታገኙታላችሁና።)

ረድፎቹ ሁሉ እኩል መሆናቸው ግን በነጻ የተገኘ አይደለም። ለስም የተመደበው 30 ባይት ለእንግሊዝኛ 30 ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ወልደ ጊዮርጊስ ገብረ መድኅን የሚባል ሰው ቢመጣ፤ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻውን 25 ባይት ነው፤ ክፍተቷ አንድ፤ «ገ» ሦስት፤ በቀረችው አንዲት ባይት የ«ብ» ሲሶ ይገባል። የቀረው የ«ብ» ሁለት ሦስተኛና የአባቱ ስም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ከስማችን ጫፍ ላይ የምናያት የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ሰያፍ ካሬ አንዳንድ ጊዜ ይህች የተቈረጠች ፊደል ናት።

ወደ በደሌ ልመለስ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት በፒኤችፒ ሲሆን፤ ፋይሉን ለመክፈት ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁትን ዲቤዝ የሚባል ላይብረሪ ተጠቀምሁ። የረድፍ ቁጥር ሲሰጡት ረድፉን የሚመልስ ትእዛዝ አለው። ይህ ላይብረሪ መቁጠር የሚጀምረው ከ1 ነው። ሌሎች ላይብረሪዎች፤ ለምሳሌ ሼፕሊብ የሚባለው፤ ከ0 ይጀምራሉ፤ ምድር ቤቱን ሳይቈጥሩ ከላይ ያለውን አንደኛ ፎቅ እንደሚሉት ዓይነት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው ይህን ከረሳ ሁልጊዜ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። እኔ በዚህ አልተሳሳትሁም። የተሳሳትሁት ከዚህ በባሰ ነገር ነው፤ ይኸውም የረድፉን ቁጥር በየሰዉ ካርድ ላይ ማተሜ ነው። ቁጥሩ አጭር፤ ፍለጋው ፈጣን፤ ሠራተኛውም ለመጻፍ የማይቸገርበት ነበረና በራሴ ብልኀት እጅግ ተደስቼ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ 9 ተማሪዎች ከምግብ ቤቱ ወጥተው በውጭ ለመብላት ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ስማቸው ከፋይሉ ተሰረዘ። በዲቢኤፍ ግን መሰረዝ ማለት ማጥፋት ማለት አይደለም። ያቺ በረድፉ ራስ ላይ ያለች አንዲት ባይት ባዶ ክፍተት ከሆነች ሰውየው አለ፤ የኮከብ ምልክት ከሆነች ተሰርዟል፤ ስሙና ቁጥሩ ግን እንዳለ በቦታው ይቀመጣል። ላይብረሪው እንዲህ ያለውን ረድፍ ሲጠየቅ አይከለክልም፤ ረድፉን ሙሉ ሰጥቶ፤ ተሰርዟል የሚል ምልክት በጎኑ ያያይዛል። እኔ ያንን ምልክት አላነበብሁም። ስለዚህ ዘጠኙ ገንዘባቸውን ከተቀበሉ በኋላ ካርዳቸው ይሠራ ነበር፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ ለጥቂት ቀናት በደስታ ሲበሉ ሰነበቱ። (ስማቸውን አልጠራም፤ ከመካከላችሁ ናቸው።)

ይህ በተነገረኝ ጊዜ ምልክቱን የምታነብ አንዲት መስመር መጨመር ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ከሥሩ ልንቀለው ብዬ ፓክ የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ፓክ ኮከብ ያለባቸውን ረድፎች ፈጽሞ አውጥቶ ይጥልና የቀሩትን ያጠጋጋል። 640 የነበረው 631 ሆነ። ከወጡት የመጀመሪያው 212ኛው ነበረ፤ እንግዲህ 213ኛዋ ወደ 212 ገባች፤ 214ኛው ወደ 213። በካርዷ ላይ ግን 213 ተብሎ ታትሟል። ሠራተኛው 213 ብሎ ሲጽፍ የአንድ ወንድ ተማሪ ስም ወጣ። ከፊቱ የቆመችው ሴት ናት። እርሱ ያየውን ነው የተናገረው፤ ሌላ ምን ይበል?

እኔ ፓክ ካደረግሁ በኋላ ሥራዬን ሳልፈትን አልሄድሁም። በ1 ቁጥር ሞከርሁ፤ በ2 ሞከርሁ፤ በራሴም ካርድ ሞከርሁ፤ እርሱም 40 ነው። ሁሉም ትክክል ነበር። ከ212 በታች የሆነ ሰው ሁሉ ምንም አልደረሰበትም። ከ632 እስከ 640 ያሉት ደግሞ ጭራሽ የሉም ተባሉ። በመካከል ያሉት ከአራት መቶ የሚበልጡ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የሌላ ሰው ስም ተሸክመው ወደ ምሳ መጡ።

ይህን ስነግራቸው የጂኦግራፊ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ ግን ነገሩ በእነርሱም ቤት አለ። የወረዳ ወሰን የምትሥሉበት ሼፕፋይል የሚባለው ካርታ፤ ሥዕሉን በአንድ ፋይል፤ የወረዳውን ስምና ሌላውን መረጃ በዲቢኤፍ ያስቀምጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የረድፍ ቁጥር ብቻ ነው፤ ኤስሪ የተባለው ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ይህንኑ ጽፏል። ዲቢኤፉን ብቻውን ከፍቶ በፊደል ተራ የደረደረ ሰው አንዲት መስመር ሳያጠፋ የሀገሩን ወረዳ ሁሉ ስም ያለዋውጣል። ካርታው ይከፈታል፤ ያማረም ይመስላል።

አሁን ፕሮግራሙን አስተካክያለሁ። ካርዱ የሚይዘው ሬጅስትራር የሰጠንን መታወቂያ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ጧት ሲነሣ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቦ የትኛው መታወቂያ በየትኛው ረድፍ እንዳለ ማውጫ ይሠራል፤ ለ631 ሰው ዐይን ከመጨፈን በታች ነው የሚፈጀው። ረድፉ ቢዘዋወር ማውጫው በማግሥቱ እንደ ገና ይሠራል። የረድፍ ቁጥሩም ቀድሞ ሊሠራ የተፈጠረለትን ሥራ፤ ማለት ቦታ ማሳየትን ብቻ፤ ይሠራል።

ያቺን እኅታችንን ይቅርታ የጠየቅኋት ለብቻዋ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ነበር። እርሷም «የተዋረድሁት በሰው ፊት፤ ይቅርታው ግን በጓዳ» ብላኝ ሄደች። ልክ ነበረች። ዛሬ በዚህ መድረክ የቆምኩትም ስለዚህ ነው።

ከመውረዴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሮጌው ካርድ እስከ አሁን በእጃችሁ ያለ ጥቂቶች አላችሁ፤ ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ወይም ከዚያ ያነሰ የሆነ ሁሉ አሮጌ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ ወደ ማኅበሩ ክፍል ብታመጡልኝ እኔው ራሴ እለውጥላችኋለሁ።