ዕረፍታችንን ውሃ ዳር እናውላት
(በሰናይያ በተደረገው የወሩ ስብሰባችን ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

ከሙሰፈህ ሰናይያ በሌሊት ተነስታችሁ አውቶቡስ ይዛችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ከአል ዓይን ሰናይያ በእግራችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማዳሞቻቸው ያልለቀቋቸውን እህቶቻችንን ደግሞ ፈጣሪ በሚቀጥለው ያገናኘን።

እንደምታውቁት በስብሰባችን ላይ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ታመመች እህት መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ኮሚቴው ‹‹ስለ ሐይቁ ጉዞ ንገሪን›› ብሎኛል። ‹‹ይሄ የመዝናናት ወሬ ከኛ ችግር ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አዳምጡኝና ከዚያ ፍረዱ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ዛኸር የሚባለው ሐይቅ እዚሁ አል ዓይን፣ ከሐፊት ተራራ በስተምዕራብ፣ አሸዋው መሐል ያለ ውሃ ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖረን ስሙን እንኳ አልሰማንም። ሐይቁ የተፈጥሮ አይደለም። ከተማው የተጠቀመበት ውሃ ተጣርቶ ለአትክልትና ለዛፍ ይውላል፤ የተረፈው ወደ በረሃው ሲለቀቅ ቆላው ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። እኛ ሰሐን ያጠብንበት፣ ልብስ ያለቀለቅንበት ውሃ ሳይቀር እዚያ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የሳቁ እህቶች ነበሩ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። በዙሪያው ሸምበቆ በቅሏል፣ ወፎች መጥተዋል። ሽመላ አለ፣ ረጃጅም ቀጫጭን ቀይ እግር ያላቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች አሉ፣ ጊዜው ሲሆን ፍላሚንጎም ይታያል። ብዙዎቹ በብርዱ ወራት ከሰሜን ሩቅ አገር የሚመጡ ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እነሱም እንደኛ ስደተኞች ናቸው፣ የሚለዩት ያለ ቪዛ መምጣታቸው ብቻ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ስምንት ሆነን ሄድን። ሦስቱ ከአቡ ዳቢ፣ አምስቱ ከዚሁ። የአቡ ዳቢዎቹ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ መጥተው፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው በሁለት ታክሲ ተከፋፍለን ሄድን። እንጀራ፣ ሽሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በፔርሙስ ሻይ፣ ብዙ ውሃ ይዘናል። ታክሲው አስፋልቱ ካለቀበት አወረደን። ከዚያ አሸዋውን በእግር ነው። ጫማችንን አውልቀን እየተሳሳቅን ሄድን፤ ጉብታውን ወጥተን ሰማያዊው ውሃ ከታች ድንገት ሲታየን ግን ሁላችንም ዝም አልን። ከኋላ ሐፊት ቆሟል፣ ከፊት ቀይ አሸዋ፣ መሐል ላይ ውሃ።

እዚያ ምን አደረጋችሁ ብትሉኝ፣ ምንም። በላን፣ ሻይ ጠጣን፣ ጸጉር ተሠራራን፣ ሁለቱ ጥላ ስር ተኙ። ሙስሊሞቹ እህቶቻችን ሶላታቸውን ሰገዱ። የወሎዋ እህታችን ከሁላችንም ራቅ ብላ ውሃው ዳር ተቀምጣ ረጅም ሰዓት ቆየች። ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ እንዲህ አለችኝ፦ ‹‹ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ ያየሁት በባልዲ ነው።››

ይህች እህት የሐይቅ ልጅ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ ስሟ ራሱ ሐይቅ ነው። ውሃው ጨው የለበትም፣ ዓሣ ይወጣበታል፣ ዳሩ ላይ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም፤ ስለዚህ እሷ ከማዶ እየተሳለመች ነው ያደገችው። ከሷ ከፍ ብሎ ደግሞ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ወደዚያ ብዙ ሰው አይሄድም፣ ጸጥ ያለ ነው። ከእናቷ ጋር ልብስ ለማጠብ ወደ ውሃው ይወርዱ እንደነበር አጫወተችኝ። ልብስ ማጠብ ያኔ ጨዋታ ነበር፤ ዛሬ ሥራዋ ነው፣ ያውም የሰው ልብስ። ያን ቀን ስለ እናቷ ያወራችኝን ያህል በስድስት ዓመት ውስጥ ለማንም አውርታ አታውቅም።

እህቶቼ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ዋናው ነገር ነው። በሰው ቤት ስንኖር እጃችን ብቻ አይደለም የሚደክመው። ጆሯችንም አያርፍም። ተኝተን እንኳ የበሩን ደወል፣ የሕፃኑን ለቅሶ፣ የማዳምን ጥሪ እናዳምጣለን። ስማችን በቀን ስንት ጊዜ ይጠራል? እዚያ ሐይቅ ዳር ግን ለስድስት ሰዓት ማንም አልጠራንም። የነፋሱና የወፉ ድምፅ ብቻ ነው። ማታ ስመለስ አንገቴና ትከሻዬ ላይ ያለው ህመም ቀሎኝ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት የሚባል አልነበረኝም። ከቤት የምወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ከራሴ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በኛ መሐል አእምሮዋን ታማ ወደ አገር የተመለሰች እህት የማያውቅ ማን አለ? ‹‹ጂን ነው፣ ድግምት ነው›› እንላለን። ድካምና ብቸኝነት መሆኑን የምናስተውለው ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ የዕረፍት ቀን ቅንጦት አይደለችም። ጤንነታችን ናት።

የአገሩ ሕግም ይህን ያውቃል። ስለ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9 በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው ሰጥቶናል። በዕረፍታችን ቀን ካሠሩን ምትክ ቀን ወይም ገንዘብ ሊሰጡን ይገባል። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት አለን፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለን። ፓስፖርታችንና ባጣቃችን በእጃችን የመሆን መብትም አለን። ይህ የማይከበርላት እህት ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር በ80084 ደውላ መጠየቅ ትችላለች።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ‹‹እኔ አገር ቤት የሚጠብቁኝ አሉ፤ ለሐይቅ የማወጣው የለኝም›› ያለችኝ እህት አለች። እውነቷን ነው። ለያንዳንዳችን የወጣው ትራንስፖርቱም ምግቡም ተደምሮ 60 ድርሃም አልሞላም። ግን 60 ድርሃምም ገንዘብ ነው። ስለዚህ እንደ ዕቁባችን በየሳምንቱ 5 ድርሃም ብናስቀምጥ በሦስት ወር ይሞላል። ‹‹በዕረፍቴ ሌላ ቤት አጽድቼ ልሸቅል›› የምትሉም አላችሁ። ያለ ፈቃድ ከሌላ አሠሪ ዘንድ መሥራት ሕጉ እንደማይፈቅድ አትርሱ፤ ከተያዛችሁ የምታጡት ከምታገኙት ይበልጣል። ደግሞስ ሰባቱንም ቀን የሠራ ሰውነት ስንት ዓመት ይቆያል? ቤተሰቦቻችን የሚጠብቁት ገንዘቡን ብቻ አይደለም፣ እኛንም ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ከልምዳችን እነዚህን ልንገራችሁ።

ማዳምን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ በዋዜማው ሳይሆን በሳምንቱ። የት፣ ከነማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በግልጽ ተናገሩ። ‹‹ማማ፣ እሁድ ዮም ራሐዬ ነው፤ ከእህቶቼ ጋር ዛኸር ሄጄ ማታ እመለሳለሁ›› በሉ። ሰዓት ስትናገሩ በነሱ አቆጣጠር ይሁን። የኛ 12 ሰዓት የነሱ 6 ነው፤ በዚህ ስንት ጭቅጭቅ ተነስቷል! ባላችሁበት ሰዓት ተመለሱ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ በር የሚከፍተው እሱ ነው።

ባጣቃችሁን ያዙ። የአውቶቡስ ሐፊላት ካርዳችሁን ቀድማችሁ ሙሉ። ሐይቁ ጋ ታክሲ ስለማያልፍ የወሰዳችሁን ሾፌር ስልኩን ተቀበሉና የመመለሻውን ሰዓት ተነጋገሩ። ከአራት አታንሱ፤ ብቻዋን የምትሄድ እንዳትኖር። ጨለማ ሳይሆን ተነሱ።

በበጋቸው አትሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጥሩ ነው። ውሃው የተጣራ የቆሻሻ ውሃ ስለሆነ አይጠጣም፣ አይዋኝበትም፣ ዕቃም አይታጠብበትም። የሰው ፎቶ፣ በተለይ የአረብ ቤተሰብ ፎቶ፣ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ያስከስሳል። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ችግር ከገጠመ ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998 ነው።

ለሙሰፈህ እህቶች ቀረብ የሚለው ደግሞ አል ወጥባ ነው። ፍላሚንጎዎቹ እንቁላል ጥለው መፈልፈል ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሼህ ዛይድ እንዲጠበቅ ያደረጉት የወፎች ቦታ ነው። መሄጃ መንገድ ተሠርቶለታል። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሸዋ መውጣት የማትችሉ ደግሞ ከሐፊት ግርጌ ሙበዘራ አለላችሁ፤ ፍል ውሃ የሚፈስበት መስክ ነው፣ እግራችሁን ነክራችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። አል ዓይን ማለት ራሱ ምንጭ ማለት ነው፤ እኛም የምንጭ ዓይን እንል የለ? በተምሩ ጫካ ውስጥ የሚሄደውን የመስኖ ቦይ ‹‹ፈለጅ›› ይሉታል፣ ከኛ ‹‹ፈለግ›› ጋር ይመሳሰላል። ውሃው ብቻ ሳይሆን ቃሉም የዘመድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እነዚህ ሰዎች በረሃ ላይ ከተጠቀሙበት ውሃ ሐይቅ ተፈጥሮላቸው፣ ወፉ መጥቶላቸዋል። እኛ ፈጣሪ የሰጠን ጣና አለን፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እምቦጭ ገብቶበት ዓሣ አጥማጁን አስቸግሯል። ሐሮማያ ውሃው ለመስኖና ለከተማ ሲሳብ፣ ደለል ሲሞላው ደርቆ ከብት ሲሄድበት የሐረር እህቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል፤ ኋላ ዝናብ ሲበረታ ተመልሷል። ገንዘብ አጠራቅመን ወደ አገር ስንገባ ብዙዎቻችን ቤት፣ ሱቅ እናስባለን። የሐይቋ እህታችን ግን ሐይቅ ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት ልትከፍት አስባለች። ውሃው ሲጠበቅ ነው እንዲህ ያለው ሐሳብ የሚሳካው። ስልክ ስትደውሉ ስለ ገንዘቡ ብቻ አትጠይቁ፤ ‹‹ወንዙ እንዴት ነው? ምንጩስ?›› በሉ።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ጉዞ ይኑረን። አቅም የሌላት እህት ወጪ ከመዋጮው ይሸፈን። ደግሞም አዲስ የመጣች፣ ስልኳ የማይነሳ፣ ከቤት የማትወጣ እህት የምታውቁ ስሟን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ቀዳሚዋ እሷ ትሁን። ለኛ የተረፍነው ለመዝናናት ነው፣ ለሷ ግን ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ ቡናው ሲፈላ እንጨዋወት።