የእናቴ ስንቅ
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ አልዛይመር በሽታ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ «ሐኪም አይደለሁም፣ የኬሚስትሪ ሰው ነኝ» ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር። «እናትህን አስታምመህ የለም ወይ?» አሉኝ። አስታምሜያለሁ። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በየዓመቱ ስንገናኝ «እማማ እንዴት ናቸው?» ስትሉኝ፣ «ደህና ናት፣ አዲስ አበባ ሄዳለች» እላችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። እናቴ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከዚህ አዳራሽ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነበረች።

ለምን እንደዋሸሁ አይጠፋችሁም። እኛ ዘንድ ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። «እናቱን ለፈረንጅ ጥሎ» መባልን ፈራሁ። ሰርግ ስሄድ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ አሜሪካ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1994 የልጅ ልጆቿን ልታሳድግ ነው። አሳደገችም። በ2010 ግድም ሽሮ ጥዳ መርሳት ጀመረች። ቀጥሎ አውቶቡስ ተሳፍራ ጠፍታ ፖሊስ አመጣት። እኛ «ጃጀች» አልን፤ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። ይቺን ቃል እባካችሁ ተዉአት። መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 የሞተች ታካሚውን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በሴሎቹ መሃል የተከማቸ ዝቃጭ፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተወሳሰበ ክር የመሰለ ነገር አየ። በሽታ ነው፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ትዝታ በሚመዘገብበት፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አካባቢ ነው። ለዚህ ነው የጠዋቱ ቁርስ ጠፍቶ የአርባ ዓመቱ ነገር የሚቀረው። በኋላ የተማሩት ቋንቋም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። የእማዬ እንግሊዝኛ ትንሽ ነበረች፤ እሷም «ሃሎ»ና «ታንክዩ» እንኳ ሳትቀር ሄደች። አማርኛ በማያውቁ ሰዎች መሃል አማርኛ ብቻ ይዛ ቀረች።

ቤት ውስጥ እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ሞከርነው። አንድ የጥር ሌሊት በባዶ እግሯ በረዶ ላይ ወጥታ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል በቀጥታ ነርሲንግ ሆም ገባች። (በነገራችን ላይ ሜዲኬር ለረጅም ጊዜ ቆይታ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፣ እሱም ንብረቷን ቆጥሮ ነው። የውክልናውን ወረቀት ገና መፈረም በሚችሉበት ጊዜ አስፈርሙ። እኔ ዘግይቼ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ።)

በገባች በሦስተኛው ወር ለስብሰባ ጠሩኝ። መዝገቧ ላይ «ምግብ ትደብቃለች፤ ማታ ማታ ወደ መውጫው በር ትሄዳለች፤ ስትመለስ ትጮኻለች» ተብሎ ተጽፏል። የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊጀምሩላት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚረበሹ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው ብለው አስረዱኝ፤ እውነትም ነው። ለመፈረም ብዕር አንስቻለሁ።

ስወጣ አንዲት የወሎ ልጅ፣ እዚያው በአስታማሚነት የምትሠራ፣ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ እማማ እኮ ዝም ብለው አይደለም። ሁለት ዳቦ በናፕኪን ይቋጥሩና 'ስንቅ ነው፣ ሰዓቱ አለፈብኝ፣ ክፈቱልኝ' ነው የሚሉት። ወዴት ሊሄዱ ነው?»

ጉልበቴ ከዳኝ፤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለዚያች ልጅ ስንቅ የመንገድ ምግብ ነው። ለእናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ1970 ዓ.ም. እኔና አንድ የክፍላችን ልጅ፣ ስሙን ባልጠራም ታውቁታላችሁ፣ አንድ ቀበሌ እስር ቤት ነበርን። እማዬ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ይዛ በር ላይ ትሰለፋለች። የእሱ እናት ክፍለ ሀገር ስለነበሩ የሁለት ሰው ነበር የምትቋጥረው። ባዶ ዕቃ ከወጣ ልጅ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስንቁ እንዳለ ከተመለሰ ግን... እዚህ ከተቀመጣችሁት የእናታችሁ እጅ ላይ የተመለሰባችሁ አላችሁ፣ የወንድማችሁ ስንቅ። ሌላ ሰው በልቶት እንዳይሆን እንዳትጠራጠር ብዬ፣ ጨርቁን ስመልስ ሁለት ጊዜ አጥብቄ እቋጥረው ነበር። ስለ ምልክቱ ተነጋግረን አናውቅም፤ ግን ገባት። ጓደኛዬ አንድ ሌሊት ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የእሱንም ድርሻ እኔ እየበላሁ ባዶውን እልክ ነበር። ስፈታ ነው የነገርኳት።

የዚያን ዕለት ወደ ክፍሏ ተመለስኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ተፈትቻለሁ እኮ» አልኳት። ሽበቴን ትክ ብላ አየችው። «በእኔ ይቀልዱብኛል? ልጄ ገና ጢሙን አላበቀለም» አለችና አለቀሰች። እናቴ እርስዎ አለችኝ።

በማግስቱ ያ ሰዓት ሲደርስ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። ናፕኪኗን ይዛ መጣች። «ጌታዬ፣ ይቺን ለልጄ ያቀብሉልኝ። እናትዎ ትኑርልዎ።»

ተቀበልኳት። ሊፍቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ዳቦ በላሁ። ደረቅ ነበር፣ አንዱ ቅቤ ተቀብቷል። ከኪሴ መሐረብ አውጥቼ ባዶውን ናፕኪን በመሐረቡ ሁለት ጊዜ አጥብቄ ቋጠርኩት፤ መልሼ ሰጠኋት። ልትፈታው አልሞከረችም። ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ደጋግማ።

«እሱ ነው» አለች። ቀጥላም «ጓደኛውስ በልቷል?»

«በልቷል፣ እማማ።»

«ተመስገን» ብላ እጄን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች፤ እራቷን በላች።

መድኃኒቱን ሳልፈርም ቀረሁ። ጉዳዩን ስነግራቸው፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ዳቦና አንድ ጨርቅ ያዘጋጁላት ጀመር። እስክታርፍ ድረስ አምስት ዓመት ግድም ስንቅ አመላልሰናል። እኔ መድረስ በማልችልበት ቀን የወሎዋ ልጅ ትቀበላት ነበር፤ አቋጣጠሩን አሳይቻታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ልጅቷ ደወለችልኝ። እማዬ ቋጠሮውን ዳስሳ፣ «ዛሬ ላልቷል፤ ልጄን አሞታል እንዴ?» ብላ አልገባም ብላለች። ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ።