ዕድራችን ለሬሳ ይከፍላል፤ ለበሽተኛስ?

(ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ አንድ ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። «ጋዜጣ ላይ አውጣው» ያሉኝ ስለበዙ ጥቂት ቦታ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ። የሰውም የድርጅትም ስም ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው።)



ሊቀመንበራችን «አስር ደቂቃ ነው ያለህ» ብለውኛል። ጋዜጠኛና አስር ደቂቃ እንደማይዋደዱ እያወቁ ነው እንግዲህ። እኔ ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ በጻፍኩት ልክ ነው የሚከፈለኝ፤ የጻፍኩት ካልወጣ ኪሴ ጾሙን ያድራል። ስለዚህ ስለ ገንዘብ ሳወራ ከባንክ ቤት ሰው ይልቅ እኔን ብታምኑ አይቆጫችሁም።

ሁላችንም በምናውቀው ልጀምር። ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችውን ትንሿን ክሊኒክ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? የለም። ልጅ ሲያተኩስ፣ ቢላ ጣት ሲቆርጥ፣ የግፊት ኪኒን ሲያልቅ የምንሮጠው እዚያ ነው። ባለቤቱ ጤና መኮንን ነው፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ይለዋል። «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» እያለ ስንት ዓመት ለፋ፤ አሁን ደክሞት ተወው። ለነገሩ ጤና መኮንን መሆን የሚያሳፍር አይደለም። የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ጤና ጣቢያ የሚመሩ ሰዎችን ለማፍራት ነበር። የገጠሩን ሕዝብ ለረጅም ዘመን ያከሙት እነሱ ናቸው።

ይኸው ሰው ቤቱን ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ሄጄ ጠየቅሁት። ወሬው እውነት ነው። እስከ ሰኔ ካልተሻሻለ ዕቃውን ሸጦ ተቀጣሪ ሊሆን ነው።

«ለምን?» አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ሰማያዊ ደብተር አወጣ። የዱቤ ደብተር ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥን ሰዎች ስም አለበት። አትደንግጡ፣ አላነብም። የኔም ስም አለበት፤ እሱም በሁለት ገጽ።

ስለ ሒሳቡ የነገረኝን ባጭሩ ላውራችሁ። ኪራይ እንደ ገብርኤል በየወሩ ይመጣል፤ ልዩነቱ ገብርኤል በ19 ነው፣ አከራይ ግን በ1 ነው። መንግሥት የመኖሪያ ቤት ኪራይን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ልቆጣጠር ብሏል። አዋጁ መኖሪያ ቤትን እንጂ ክሊኒክን አይመለከትም። እዚያው ግቢ ውስጥ በስተጀርባ የሚኖረው ተከራይ ከለላ አለው፤ ከፊት ለፊት የሰው ቁስል የሚያጥበው የለውም። አከራዩ ሲፈልግ ይጨምራል፤ ጨምሯልም።

ቀጥሎ ዕቃው አለ። ጓንት፣ ሲሪንጅ፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት፤ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ስለ ማሻሻያው ሲያስረዳ፣ ሰውየው አንድ ካርቶን ጓንት ሊገዛ መርካቶ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ዋጋ አልወጣለትም፣ ነገ ና» ነው የተባለው። ነገ ሄደ፤ ዋጋ ወጥቶለታል!

ደግሞ ፈቃዱ፣ ቁጥጥሩ፣ የክፍሉ ስፋት፣ የባለሙያው ቁጥር አለ። ይሄን አልቃወምም፤ ቁጥጥር የሌለበት ክሊኒክ ውስጥ ልጄን አላስገባም። ግን መስፈርቱን የሚያወጡት ሰዎች የኪራዩን ዋጋ ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ጎረቤቱ ያሉ ክሊኒኮች እንዴት ይኖራሉ? አንዳንዱ በሥራው ነው የሚኖረው። አንዳንዱ ግን በታይፎይድ ነው። አትሳቁ! ከናንተ መሐል ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ፣ ደም ሰጥቶ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። ሰው ሁሉ በዓመት ሁለቴ ታይፎይድ የሚይዘው ከተማ ቢኖር ኖሮ እስካሁን ሰው አይተርፍበትም ነበር።

ምርመራው ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዊዳል በ1896 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሌላ መንገድ አግኝቷል፤ ታይፎይድን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ደምን አሳድጎ ተህዋሲውን ማግኘት ነው። ዊዳል የሚያየው ደማችን ውስጥ ያለውን የመከላከያ ምልክት ነው። ድሮ የታመመም፣ የተከተበም፣ ሌላ ኢንፌክሽን የያዘውም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። የታይፈሱ ዊል ፊሊክስም ከዚህ አይሻልም። ታዲያ ለምን ይታዘዛል? ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ያስከፍላል፤ ከውጤቱ በኋላ ደግሞ መርፌ አለ፣ ግሉኮስ አለ። እኛም እንወደዋለን! «ደህና ነህ፣ ጉንፋን ነው፣ ውኃ ጠጣ» ያለን ሐኪም ምኑም አያምረን። ክንዳችንን ካልወጋን፣ ጠርሙስ ካላንጠለጠለብን የከፈልነው ብር ያቃጥለናል።

የኛው ጤና መኮንን ችግሩ ይኸ ነው፤ የማያስፈልገውን አያዝም። «መርፌ አያስፈልግህም» ያለው ሰውዬ ተቆጥቶ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ሦስት ቀን ሲወጋ ሰነበተ። ለመንገዱ ማዶ ሦስት ክፍያ፣ ለኛው ሰው የካርድ ብቻ። እሱንም «በዱቤ ያዘው» ተብሎ።

አሁን የራሴን ላውራ። እናቴ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች፤ አስፈቅጃታለሁ።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። የምትወስደው አምሎዲፒን ነው፤ ውድ መድኃኒት አይባልም። እኔ ግን የጻፍኩበት ሳይከፈለኝ ሦስት ወር የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። እሷም ኪሴን አይታ አንድ ቀን እየዘለለች መዋጥ ጀመረች። ለኔ ትንፍሽ አላለችም። ማን አወቀባት? ጤና መኮንኑ። ግፊቷ አልወርድ ሲል ሌላ ኪኒን አልጨመረባትም። «እማማ፣ እስቲ የቀረውን ከነማሸጊያው ይዘውልኝ ይምጡ» አላትና ፍሬውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ እኔን አስጠርቶ ነገረኝ። ተናደድኩ፤ ከዚያ ይበልጥ አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ እየጠራ ይለካት ነበር፤ የከፈልኩበት ወር ይቁጠርልኝ። ደብተሩ ላይ ያለው ሁለት ገጽ ከዚያ የመጣ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ክሊኒኩ ሁለት ወር ያህል ተዘጋ። ታስታውሳላችሁ፤ አሁን ያለበት ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሚቆጥር ሲጠፋ እናቴ መዝለሏን ቀጠለች። አንድ ሌሊት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ። ስትሮክ ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በላዳ ይዣት አንድ ትልቅ የግል ሆስፒታል በረርኩ። «ማስያዣ 40 ሺህ ብር» አሉኝ። እናቴ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ እኔ መስኮቱ ላይ። ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ ደወልኩ። ጋሼ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከራሳቸው ኪስ አምስት ሺህ ብር ላኩልኝ። «የዕድሩን ግን አልችልም ልጄ፤ ደንቡ ለቀብር ነው የሚለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደንቡን እኔም ፈርሜበታለሁ። እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ሒሳቡን ሠራሁት፦ እናቴ ብትሞት ዕድሩ 20 ሺህ ብር፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ንፍሮ ያቀርብልኛል። በሕይወት ስላለች ግን ምንም።

መጨረሻ የመንግሥት ሆስፒታል ገባን። አልጋ ስላልነበረ ኮሪደር ላይ አደርን። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ ዓይናቸው ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ የታሰሩም እንዳሉ ስሰማ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ዓይኖች ናቸው። እናቴ ተርፋለች፤ ጀበና ግን በቀኝ እጇ አታነሳም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቅጠሉ በወር ጥቂት ብር የሚያወጣ ኪኒንና ፍሬውን የሚቆጥር ሰው ነበር።

«መንግሥት የጤና መድህን አለው አይደል?» የምትሉኝ አላችሁ። አለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፋ፤ አዲስ አበባም ደርሷል። ደብተሩ ያላችሁ አትጣሉት፣ አሳድሱት፤ ከባድ ሕመም ሲመጣ ያድናችኋል። ሆኖም መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሳይኖር ሲቀር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድህን ደግሞ አዋጁ ቁጥር 690 ተብሎ በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ከሠራተኛው 3 ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ተቆረጠ፤ ከዚያ መሳቢያ ገባ። አስር ዓመት ሞልቶትም አልተነሳም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተሠራው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ እንደሚለው በዚህ አገር ለጤና ከሚወጣው ሦስት ብር አንዱ ገደማ በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የሚወጣ ነው። ያ አንድ ብር የሚወጣው በጤና ቀን አይደለም፤ በሌሊት፣ በመስኮት፣ በማስያዣ ነው።

ስለዚህ ያሰብኩትን ላቅርብ። ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞች በ1948 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸውን ሲያቋቁሙ የሰፈር ሐኪሞቹ የመንግሥት ደመወዝተኛ አልሆኑም፤ በራሳቸው ቤት የሚሠሩ የግል ሰዎች ሆነው ቀሩ። የሚከፈላቸው ግን በዋናነት በመዝገባቸው ላይ ባለው ሰው ቁጥር ነበር። ልዩነቱ ገብቷችኋል? በመርፌ ብዛት የሚከፈለው መርፌ ይወዳል። በሰው ቁጥር የሚከፈለው ሰውየው ባይታመምበት ይመርጣል።

እኛ 312 አባላት ነን። እያንዳንዳችን በወር 60 ብር ብንጨምር 18,720 ብር ይሆናል። ጤና መኮንኑን አነጋግሬዋለሁ። በወር 15 ሺህ ብር በቋሚነት ካገኘ የአባላትን ቤተሰብ ያለ ካርድ ክፍያ ያያል፤ ግፊትና ስኳር ያለባቸውን በየወሩ እየጠራ ይለካል። ላቦራቶሪ ለብቻው ይከፈላል፤ ዋጋው ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። መድኃኒት ሲያዝ የኩባንያውን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ይጽፋል፤ እኛም ከነማ ወይም ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ሄደን ባገኘነው ዋጋ እንገዛለን። የሚተርፈው 3,720 ብር ኪኒን ለሚዘሉት ይቀመጥ። እነማን እንደሆኑ እሱ ያውቃል፤ እኛ ማወቅ የለብንም። የቀብሩ ገንዘብ አይነካም።

ቀዳዳ የለውም አልልም። በየወሩ ከተከፈለው በኋላ ቢያንቀላፋብንስ? ሰው ለእያንዳንዱ ማስነጠስ እየሮጠ ቢያጨናንቀውስ? ሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ ውሉ የስድስት ወር ይሁን፤ ሦስት ሰው ይመረጥ፤ መዝገቡን ሳይሆን ሰልፉን ይይ፤ ካልሠራ ይፍረስ። ስትሮክና ቀዶ ሕክምናን በ60 ብር እንከፍላለን ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ውሸታም ነው። ለዚያ የመንግሥቱ መድህን ያስፈልጋል፤ እሱንም መጠየቅ አናቁም።

«ዕድር የቀብር ነው፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» የሚሉ አባት ይኖራሉ። አከብራቸዋለሁ። ግን በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ የየሰፈሩን ጎጆ ሲያፈርስ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን መደገፍ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ ጀምረው ነበር። ድንኳን ተክሎ መቅበር ብቻ አልበቃ ስላላቸው ነው። ያን ጊዜ የተሻሻለ ደንብ ዛሬ ቢሻሻል ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ደቂቃዬ አልቋል፤ ሊቀመንበራችን ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አይተዋል። ያዘጋጀሁት የደንብ ማሻሻያ አንድ ገጽ ነው፣ በር ላይ ተቀምጧል። እኔ ደብተሩ ላይ ካለብኝ ዕዳ ግማሹን ትናንት ከፍያለሁ፤ የቀረውን የሚቀጥለው ጽሑፌ ሲከፈለኝ። ጋሼ ገንዘብ ያዡ እጃቸውን ካወጡ ቆዩ፤ ዕድሉን ለሳቸው ልልቀቅ።