ሃምሳው ሎሚና የፕሮግራም ትምህርት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ፥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ለጀማሪ ተማሪ እንዴት ቢሰጥ ይሻላል የሚለው ነው። በብዙ ክፍል ጀማሪው በመጀመሪያ የሚታዘዘው ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቍጥሮች እንዲደምር ነው። ሥራው ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ለምን እንደሚደክም ያልገባው ተማሪ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይሸሻል። በዚህ ዓይነት ስንት ጓደኛ አጥተናል!

በአሜሪካ አገር በጆርጅያ ቴክ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1999 ጀምሮ፥ የኮምፒዩተር ትምህርት ለማንኛውም ተማሪ ግዴታ ሆነ። ከሳይንስና ከምሕንድስና ውጭ ካሉት ብዙዎቹ ወደቁ ወይም አቋረጡ። ስለዚህ ፕሮፌሰር ማርክ ጉዝዲያል በ2003 ትምህርቱን በሥዕልና በድምፅ መስጠት ጀመሩ። በመጀመሪያው ጊዜ ከተመዘገቡት 121 ተማሪዎች ያቋረጡት 3 ብቻ ነበሩ።

ምስጢሩ ምንድር ነው? በኮምፒዩተር ውስጥ ፎቶግራፍ ማለት ቍጥር ነው። ወርዱ 640፥ ቁመቱ 480 የሆነ ሥዕል 307,200 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱም ነጥብ ለቀይ፥ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቍጥሮች ይዟል። እያንዳንዱን ቍጥር ከ255 ላይ ብንቀንስ ብርሃኑ ጨለማ፥ ጨለማውም ብርሃን ይሆናል። ይህን ትእዛዝ 307,200 ጊዜ በእጅ መጻፍ ስለማይሞከር፥ ተማሪው ሉፕ የሚባለውን የድግግሞሽ ትእዛዝ ራሱ ይፈልገዋል። ቢሳሳትም ስሕተቱን በዓይኑ ያየዋል፤ ግማሹ ሥዕል ሳይለወጥ ይቀራልና። የበገና ድምፅም በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ቍጥር ሊሆን ይችላል፤ ልኮቹን ሁሉ በግማሽ ብናሳንሳቸው ድምፁ ዝግ ይላል።

እንዲህ ያለው ሥራ ለኅብረት ይመቻል፤ አንዱ ሥዕሉን፥ ሌላው ድምፁን፥ ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኘውን ፕሮግራም ይሠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የእኛ የቡድን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሃምሳውን ሎሚ አንዱ ይሸከማል፥ ጌጡን ሁሉም ይካፈላል። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ ያልተሸከመው ነው፤ ማርኩን አግኝቶ ዕውቀቱን ያጣልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒዩተር ሲሠሩ በየግማሽ ሰዓቱ ቦታ ይለዋወጡ። ሁለተኛ፥ ጓደኛው የጻፈውን መስመር እያንዳንዱ በቃሉ ያስረዳ። ሦስተኛ፥ የቡድኑና የግሉ ማርክ ለየብቻ ይሰጥ።

ሥዕልና ድምፅ ብቻውን መድኃኒት ነው አልልም። ፕሮፌሰር ጉዝዲያል ራሳቸው በ2013 ነገሩን ሲመረምሩ፥ ዘዴው ተማሪው እንዳይሸሽ መርዳቱን እንጂ የበለጠ ዕውቀት መስጠቱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ያልሸሸውን ተማሪ ማስተማር እንግዲህ የመምህሩ፥ ሎሚውን መሸከምም የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።