የውስጥ እግር ቅርጽና የቴኳንዶ ስፖርተኞች ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር የሆነው ቴኳንዶ ልምምዱ በአብዛኛው በባዶ እግር ስለሚከናወን፣ ስፖርተኛው በአንድ እግሩ ሲመታ ክብደቱን ተሸክሞ የሚሽከረከረው ሌላኛው እግር ጫናውን ለማብረድ ይበልጥ በቅስቱ ላይ ይመካል፤ ቅስት የሚባለውም በተረከዝና በጣቶች መነሻ መካከል ያለው፣ ክብደት ሲያርፍበት እንደ ሞላ ዝቅ ብሎ የሚመለሰው ጎድጓዳ የውስጥ እግር ክፍል ነው። ቅስቱ ጠፍጣፋ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ያዘነብልና የቅልጥሙን አጥንት አብሮ ስለሚያዞር በቅልጥምና በጉልበት ላይ ጫና ሊበረታ ይችላል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ያለው ግን ግትር በመሆኑ የዝላይን ምት ወደ አጥንት ያሳልፋል። ይሁንና ቅርጹ ብቻውን ጉዳትን አይወስንምና ጠፍጣፋ እግር ያለውን ታዳጊ ከስፖርቱ ማግለል ተገቢ አይደለም፤ የሚበጀው ልምምዱን ቀስ በቀስ መጨመር፣ የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች ማጠንከርና የአጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆን የሚችለውን ተደጋጋሚ የቅልጥም ሕመም ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ነው።